ስለ ተጣይ ጓንት አመራረጥ፤ የጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራዎች እንደ ምሳሌ

ጓንት ሲባል በአገራችን ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ሐኪምን ነው። ሆኖም ዛሬ በሆስፒታል ብቻ ሳይሆን በጋራዥ፣ በወጥ ቤት፣ በጽዳት ሥራና በፍተሻ ቦታ ሁሉ ስሱ ጓንት ገብቷል። በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ አንድ ጊዜ ተጠልቆ የሚጣለውን ጓንት ነው፤ ለአጭርነት ያህል ተጣይ ጓንት እንለዋለን። ጥያቄያችንም አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ለየትኛው ሥራ የትኛው ጓንት ይስማማል የሚል ነው። ጥያቄው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰማው ሰው ቀላል ይመስለዋል። ነገር ግን ያልተስማማ ጓንት ያጠለቀ ሠራተኛ ባዶ እጁን ከሚሠራው ይልቅ ይደፍራል፤ ባዶ እጅ የሆነ ሰው ይጠነቀቃል፣ ይታጠባልም። ስለዚህ የምንናገረው ስለ ላስቲክ ቁራጭ ሳይሆን ያለ አግባብ ስለሚሰጥ እምነት ነው።

ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያን ለምሳሌ የመረጥንባቸው ምክንያቶች አሉ። አውሮፕላን ማረፊያ በጠቅላላው ሲታይ በጥቂት መቶ ሜትር ርቀት ውስጥ ብዙ ዓይነት የእጅ ሥራ የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ አንዱ ሻንጣ ይፈትሻል፣ አንዱ ዘይት ይነካል፣ አንዷ ሽንት ቤት ታጸዳለች፣ ሌላው የታመመ መንገደኛ ይቀበላል። ጋምቤላ በተለይ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ቆላ በመሆኗ፣ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ ሙቀት ደግሞ፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ የጓንትን ጠባይ ይለውጣል። ከዚህም ሌላ ቦታው የድንበር በር ነው። ዓፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በ1902 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከተዋዋሉ በኋላ ጋምቤላ በባሮ ወንዝ ላይ የንግድ ጣቢያ ሆና፣ በክረምት ወራት የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ቡና ይጭኑባት ነበር። ጣቢያው በ1956 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ መርከቡም ቀረ። ዛሬ የሩቅ አገር መንገደኛ በብዛት የሚመጣው በአየር ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዚህ መሥመር ባለ ሁለት ፕሮፔለሩን ዳሽ 8 ኪው400 ያበርራል። በታኅሣሥ 2013 በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም ክልሉ እጅግ ብዙ ስደተኞችን ተቀብሏል። ሰው በብዛት በሚመላለስበት ቦታ በሽታም ይመላለሳልና የእጅ ነገር በዚህ ቦታ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት የጓንቱን አመጣጥ በአጭሩ እንመልከት። ቻርልስ ጉድይር የተባለው አሜሪካዊ በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ የማጠንከርን ዘዴ ባያገኝ ኖሮ የላስቲክ ጓንት የሚባል ነገር ባልኖረም ነበር። ከዚያ 50 ዓመት በኋላ በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ቀዳጅ ሐኪም ዊልያም ሆልስቴድ፣ ረዳቱ የነበረችው ነርስ ካሮላይን ሃምፕተን እጇ በማጽጃው በሜርኩሪ ክሎራይድ እየተላጠ ስትቸገር አይቶ፣ ስስ የላስቲክ ጓንት እንዲሠራላት አዘዘ። እንግዲህ በቀዶ ሕክምና ታሪክ የታወቀው ይህ ጓንት በመጀመሪያ የተሠራው በሽተኛውን ከጀርም ለማዳን ሳይሆን የሠራተኛዋን ቆዳ ከኬሚካል ለማዳን መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ያ ጓንት ታጥቦ ተቀቅሎ እንደገና የሚያገለግል ነበር፤ ተጣዩ የሐኪም ጓንት በሰፊው የመጣው ከ1960ዎቹ ዓመታት ወዲህ ነው። ከመካከላችን በገጠር ሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግን፣ ተጣዩም ጓንት ታጥቦ በገመድ ላይ ሲሰጣ አይተናል። ቁጠባው የሚመሰገን ቢመስልም፣ አንድ ጊዜ እንዲያገለግል የተሠራ ስስ ላስቲክ ከታጠበ በኋላ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ስለሚያበጅ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን አይመክርም።

በገበያ ላይ የሚገኙት ተጣይ ጓንቶች በአራት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ከጎማ ዛፍ ወተት የሚሠራው ላቴክስ ነው፤ እጅግ ይለጠጣል፣ በእጅ ላይ ልክክ ይላል፣ ውሃና ደም በደንብ ይከለክላል። ሁለት ጉድለት አለበት። ዘይትና ነዳጅ ሲነካው ያብጣል፣ ይላላልም፤ በውስጡ ያለው ፕሮቲንም በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከማሳከክ ጀምሮ ትንፋሽ እስከ ማሳጠር የሚደርስ አለርጂ ያስነሣል። ቀድሞ እጅ በቀላሉ እንዲገባበት በውስጡ ይነሰነስ የነበረው ዱቄት ይህንኑ ፕሮቲን ተሸክሞ ከአየር ጋር ስለሚቀላቅለው፣ ቁስልም ስለሚያስቆጣ፣ አሜሪካ ዱቄት ያለበትን የሕክምና ጓንት ከጥር 2017 ጀምሮ ከልክላለች። ሁለተኛው ናይትራይል የተባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ሆኖ ይመጣል፣ የላቴክስ ፕሮቲን የለበትም፣ ዘይትና ላምባ ይችላል፣ ሲበሳም ቶሎ ተቀዶ ራሱን ያጋልጣል። ይህ የመጨረሻው ጠባዩ እንደ ጉድለት ሲነገርበት እንሰማለን፤ እኛ ግን ከጥቅሙ እንቆጥረዋለን፤ ተበስቶ ደኅና መስሎ ከሚቆይ ጓንት የሚቀደደው ይሻላልና። ሦስተኛው ቪኒል ነው፤ ርካሽ ነው፣ በእጅ ላይ ይላላል፣ በሥራ ላይ ሳለ ከሁለቱ ይልቅ ቶሎ ያፈሳል። አራተኛው እንደ ፌስታል ስስ የሆነው ፖሊኢታይሊን ሲሆን፣ ዳቦና ኬክ ለማንሣት ካልሆነ በቀር ለሌላ አይሆንም።

ቀለም የጓንትን ዓይነት አይወስንም። ሰማያዊ ቪኒልም አለ፣ ነጭ ናይትራይልም አለ። ብዙ ሰው በቀለም ስለሚገዛ ይህን ደግመን መናገር ወደድን፤ መታመን ያለበት በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የዕቃው ስም ነው።

አሁን ወደ ሥራዎቹ እንምጣ። ከሁሉ አስቀድመን ነዳጅና ዘይት የሚነካውን እጅ እንውሰድ። የጄት ነዳጅ የላምባ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በቆዳ ላይ ሲደጋገም የተፈጥሮ ቅባቱን አጥቦ ቆዳውን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። የትንንሽ ፒስተን ሞተር አውሮፕላኖች ቤንዚን ደግሞ እርሳስ የተቀላቀለበት በመሆኑ ይበልጥ ያሠጋል። ለዚህ ሥራ ላቴክስ አይሆንም፤ ናይትራይል ይሆናል። ይሁን እንጂ ናይትራይል ይሆናል ስንል በነዳጅ ውስጥ እጅ ነክሮ መቆየት ይቻላል ማለታችን አይደለም። ተራው ጓንት ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለው ጓንት የሚጠቅመው ለፍንጥቅጣቂና ለጥቂት ደቂቃ ንክኪ ነው፤ ነዳጅ ከፈሰሰበት ወዲያው ወልቆ መጣል አለበት። ሥራው ረዘም የሚል ከሆነ በእጥፍ የወፈረ ናይትራይል፣ እጅ የሚነከርበት ከሆነም እስከ ክንድ የሚደርስና የማይጣል ወፍራም ጓንት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። ኬሚካል ጓንትን የሚያልፈው በቀዳዳ ብቻ አይደለም። ላስቲኩ ሙሉ ሆኖ፣ ሳይቀደድና መልኩ ሳይለወጥ፣ ሞለኪውሎቹ በላስቲኩ ሥጋ ውስጥ ቀስ በቀስ ሰርገው ወደ ውስጥ ይወጣሉ። ጓንቱ ደረቅ መስሎ እጁ ግን እየነካ ነው ማለት ነው። ለዚህ መለኪያ የሚሆነው የአውሮፓና የዓለም አቀፍ ደረጃ ኢኤን አይኤስኦ 374 ይባላል። በዚህ ደረጃ መሠረት ጓንት ከተወሰኑ 18 ኬሚካሎች መካከል ስድስቱን ቢያንስ 30 ደቂቃ ከቻለ ዓይነት ኤ፣ ሦስቱን 30 ደቂቃ ከቻለ ዓይነት ቢ፣ አንዱን 10 ደቂቃ ብቻ ከቻለ ዓይነት ሲ ተብሎ ይጻፍበታል። ገዢ ሰው ፊደሉን ብቻ ሳይሆን የትኞቹን ኬሚካሎች እንደ ቻለ ማንበብ አለበት፤ አሲድን የቻለ ጓንት ነዳጅን ይችላል ማለት አይደለምና። ከዚህም በላይ ደቂቃው የሚለካው በላቦራቶሪ ውስጥ በ23 ዲግሪ ሙቀት ነው። የኬሚካል መስረግ ሙቀት ሲጨምር ይፈጥናል። በጋምቤላ የቀትር ፀሐይ፣ በጋለ አስፋልት አጠገብ፣ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን 30 ደቂቃ እንደ 30 ደቂቃ መቁጠር ራስን ማታለል ይመስለናል። በበጋ ወራት ጓንቱን ከተጻፈው ጊዜ ቀደም ብሎ መለወጥ ነው የሚበጀው።

ለመካኒኮች አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ አለን። ቀለም ለማስለቀቅና ሙጫ ለማጽዳት የሚያገለግሉት አሴቶንና ቲነር ስስ ናይትራይልን ቶሎ ያሸንፉታል፤ ዘይቱን እንደ ጋሻ የመለሰው ጓንት በእነዚህ ፊት ወንፊት ይሆናል። አሴቶንን ለብዙ ጊዜ የሚችለው ቡቲል የተባለው ወፍራም ጎማ ነው። ቲነር ግን እንደ ድብልቁ ዓይነት ስለሚለያይ በጣሳው ላይ ያለው ጽሑፍ መነበብ አለበት። የባትሪ አሲድም እንዲሁ የተጣይ ጓንት ሥራ አይደለም። የጋለ ፍሬን ወይም የሞተር ክፍልማ ተጣይ ጓንትን አቅልጦ በቆዳ ላይ ስለሚያጣብቅ፣ በዚህ ጊዜ ጓንት ማጥለቁ ካለማጥለቁ የባሰ ነው።

ጫኝና አውራጆችን በሚመለከት ብዙ የምንለው የለንም። ሳጥንና ጆንያ ለሚያነሣ ሰው ተጣይ ጓንት ገንዘብ ማባከን ነው፤ የቆዳ ወይም መዳፉ ላስቲክ የተቀባ የጨርቅ ጓንት ይሰጠው።

የፍተሻ ሠራተኞች ነገር ግን ረዘም ያለ ቃል ይገባዋል። ፈታሽ በቀን ውስጥ የብዙ ሰዎችን ልብስ፣ ምግብና መድኃኒት ይነካል፤ ስለዚህ ጓንቱ የሚጠብቀው ማንን ነው ተብሎ መጠየቅ አለበት። አንዱን ጓንት ከጧት እስከ ማታ ያጠለቀ ፈታሽ ራሱን ብቻ ይጠብቃል፤ መንገደኞችን ግን እርስ በርሳቸው ያነካካል። ፈንጂን ከሻንጣ ላይ በጨርቅ ናሙና እየወሰዱ በመሣሪያ በሚመረምሩበት ቦታ ደግሞ ያደፈ ጓንት የአንዱን ሻንጣ ቅሪት ወደ ሌላው አስተላልፎ ንጹሑን ሰው ሊያስጠረጥር ይችላል። ለዚህ ሥራ ዱቄት የሌለበት ስስ ናይትራይል ይስማማል፤ መንገደኛው የላቴክስ አለርጂ ይኑረው አይኑረው አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል ላቴክስ ባይሆን እንመርጣለን። መርፌንና ምላጭን ግን የትኛውም ተጣይ ጓንት አይመልስም። ስለዚህ ፈታሽ ዓይኑ ያላየበት ኪስ ውስጥ እጁን አይክተት፤ ባለቤቱ ራሱ ያውጣው ወይም ዕቃው ይዘርገፍ።

አሁን ደግሞ ወደ ጽዳት እንሻገር፤ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ያለው በዚህ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ጥሩው ጓንት ለባለሙያው፣ ርካሹ ቪኒል ለጽዳት ሠራተኛዋ ሲሰጥ ይታያል። ነገሩ በተቃራኒው መሆን ነበረበት። ትውከት፣ ሰገራና ደም የምታነሣው፣ ወዲያውም በረኪና የምትበጠብጠው እርሷ ናት። የሕዝብ ሽንት ቤት ለማጽዳት ወይም የአውሮፕላን ሽንት ቤት ለመድፋት ተገቢው ተጣዩ ሳይሆን እስከ ክንድ የሚደርሰው፣ ታጥቦ እንደገና የሚያገለግለው ወፍራም የጽዳት ጓንት ነው፤ ለሽንት ቤትና ለሌላው ክፍል ግን ለየብቻ፣ ቢቻል በቀለም ተለይቶ ይያዝ። ተጣይ ጓንት በአውሮፕላኑ መቀመጫ ኪስ ውስጥ የቀረውን ወረቀትና ከረጢት ለመሰብሰብ ይበቃል፤ እርሱም ናይትራይል ቢሆን ይሻላል። ይህን የምንለው ነገሩን ለማካበድ አይደለም። በ2025 መጀመሪያ ወራት በጋምቤላ ክልል ኮሌራ ገብቶ ነበር፤ ኮሌራ ደግሞ ከሰገራ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ የሚሄድ በሽታ ነው። ያንኑ ጓንት እንዳጠለቀች የበር እጀታ የምትይዝ ሠራተኛ ራሷ ባትነካም በሽታውን ለሚቀጥለው ሰው ማድረሷ አይቀርም፤ ጥፋቱ ግን የእርሷ ሳይሆን አንድ ጥንድ ብቻ ሰጥቶ ያሰማራት ሰው ነው።

የጤና ምርመራውን ሥራ ስንመለከት አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። መንገደኛን ከሩቅ በሚለካ ቴርሞሜትር ሙቀቱን ለማየት ጓንት አያስፈልግም፤ ፓስፖርት ለመቀበልም አያስፈልግም። በ2020 በኮቪድ ጊዜ በዓለም ላይ ጓንት የጠፋበት አንዱ ምክንያት ሁሉ ሰው ለሁሉ ነገር ማጥለቁ ነበር። ጓንት የሚያስፈልገው ደም ወይም ሌላ የሰውነት ፈሳሽ፣ ቁስል ያለበት ቆዳ ወይም በእነዚህ የተበከለ ዕቃ ሲነካ ነው። ያን ጊዜ የሕክምና ደረጃ ያለው ናይትራይል ወይም ላቴክስ ይደረግ። እንደ ኢቦላና እንደ ማርበርግ ያለ በሽታ የተጠረጠረበት ሰው ሲገኝ ሁለት ጥንድ በላይ በላዩ ይጠለቃል፤ የላይኛው የጋዋኑን እጅጌ መሸፈን አለበት። በኖቬምበር 2025 ማርበርግ በጂንካ መገኘቱ ስለ ተረጋገጠ ይህ ነገር በአገራችን የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም።

ስለ ምግብ አጭር ነው። የተጋገረና የደረቀ ለማንሣት ፌስታል መሰሉ ይበቃል፤ ቅባት ላለው ምግብ ቪኒል አይደረግ፤ ቅባቱ ቪኒሉን ለማለስለስ የተጨመረውን ኬሚካል ስቦ ያወጣዋልና። በጓንት ገንዘብ ተቀብሎ በዚያው ጓንት ዳቦ ማንሣት ግን ከባዶ እጅ የባሰ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ማስታጠቢያና ሳፋ ይዞ የሚቀርብ ሕዝብ የእጅን ነገር ከፋብሪካ መማር አያስፈልገውም ነበር።

ጓንቱ በትክክል ከተመረጠም በኋላ የጋምቤላ አየር የራሱን ሥራ ይሠራል። በጓንት ውስጥ የተጠራቀመ ላብ ቆዳን እንደ ራሰ እንጀራ ያለዝበዋል፤ የለዘበ ቆዳ በቀላሉ ይላጣል፣ ሁለተኛ ጓንት ለማጥለቅም ያስቸግራል። ስለዚህ ሥራውን በአጭር በአጭር መክፈል፣ በየመካከሉ እጅን አጥቦ ማድረቅ፣ የቆዳ ችግር ላለበትም ከውስጥ ስስ የጥጥ ጓንት መጨመር ይጠቅማል። ማከማቻውም እንዲሁ ነው። ላቴክስ በሙቀት፣ በፀሐይና በኦዞን ይሰነጠቃል፤ ኦዞን ደግሞ ከኤሌክትሪክ ሞተሮች አጠገብ ይፈጠራል። በቆርቆሮ መጋዘን ወይም በመኪና መስኮት ሥር የከረመ ካርቶን የማብቂያ ቀኑ ባይደርስም ተበላሽቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ከካርቶኑ አንዱን አውጥቶ መሳብ ነው፤ ከተጣበቀ፣ ከደረቀ ወይም ሲሳብ ጥቃቅን ስንጥቅ ካሳየ ካርቶኑ በሙሉ ይወገድ።

በካርቶኑ ላይ ኤኪውኤል 1.5 የሚል ጽሑፍም ይገኛል። ፋብሪካው ከምርቱ ናሙና እየወሰደ ውሃ ሞልቶ ያንጠለጥለዋል፤ ቁጥሩ በምርመራው ተቀባይነት የሚያገኘው የሚያፈስ ጓንት መጠን ከመቶ 1.5 አካባቢ መሆኑን ያመለክታል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጓንቱ ይሻላል። ነገር ግን ዜሮ እንዳልሆነ እናስተውል፤ አዲስ ጓንትም ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ጓንት ከወለቀ በኋላ እጅን በውሃና በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ፣ ወይም በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ማሸት ግዴታ ነው። አወላለቁም ሥርዓት አለው፤ የአንዱን አንጓ ከውጭ ይዞ እየገለበጡ ማውጣት፣ የወጣውን በመዳፍ መጨበጥ፣ ከዚያ ባዶውን ጣት በሁለተኛው ጓንት ውስጠኛ ጎን አስገብቶ የመጀመሪያውን እንደ ከረጢት እንዲይዘው አድርጎ መገልበጥ ነው። ልኩ ያልሆነ ጓንት በዚህ ጊዜ ይታወቃል፤ የጠበበው ይቀደዳል፣ የሰፋው ያንጠባጥባል። ስለዚህ ዕቃ ግዢው አንድ መጠን ብቻ አዝዞ ለሁሉም ማደል የለበትም።

የቀረው የአወጋገዱ ነገር ነው። ደምና ፈሳሽ የነካው ከሕክምና ቆሻሻ ጋር፣ ነዳጅ የነካው ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ከእሳት ርቆ፣ ሌላው ከተራው ቆሻሻ ጋር ይሂድ። ቪኒልን በሜዳ ላይ ማቃጠል የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጢስ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ሆኖ ዓይንና ሳምባ ያቃጥላል። ሜዳ ላይ የተጣለውንም የክረምት ጎርፍ ጠርጎ ወደ ባሮ ያወርደዋል፤ ባሮም ወደ ሶባት፣ ሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ ይዞት ይሄዳል።